ቁልቁለት ላይ የሚጠማት ሞተር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደጄ ላይ ወንበር አውጥቼ ፀሐይ ስሞቅ የመካነ ሰላም ሞተረኞች ከፊቴ ይመላለሳሉ። ዛሬ ሞተር ሳይክል የማይጭነው ነገር የለም፤ ሙሽራው፣ ጤፉ፣ በጉ፣ ታማሚው ሁሉ በሞተር ነው የሚሄደው። ሥራ ሲቀዘቅዝባቸው ሞተራቸውን አጥሬ ሥር ያቆሙና ይከቡኛል፤ "ጋሼ መልካሙ፣ እስቲ የዛሬዋን ያውጡልን" ይሉኛል። የዛሬዋን ማለታቸው ስለ ሞተር ሳይክል የማያውቁት አንድ ጉድ ልንገራቸው ነው። ደግሞም አላጣም። ዕድሜ ልኬን የጤና ጣቢያ ሞተረኛ ነበርኩ፤ ጡረታው ጉልበቴን እንጂ አፌን አላሳረፈውም።

ባለፈው፣ "ፈጠን ብላችሁ ስትሄዱ ወደ ግራ ለመታጠፍ መሪውን መጀመሪያ ወዴት ነው የምታዞሩት?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ወደ ግራ ነዋ! ይሄ ደሞ ምን ጥያቄ ነው?"

"አይደለም፤ ወደ ቀኝ ነው።"

ሳቁብኝ። አርጅቷል ብለውም ተያዩ። ሰይድ የሚባለውን ደፋሩን፣ "እስቲ ሜዳው ላይ ወጣ በልና የግራ እጅህ የሚሠራውን ልብ ብለህ ተከታተል" ብዬ ላክሁት። ሲመለስ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ነው የጮኸው፦

"ወላሂ እውነቱን ነው! የግራ እጄ የግራውን እጀታ ወደ ፊት ነው የሚገፋው። ጎማው ለቅጽበት ወደ ቀኝ ያይና ሞተሯ ወደ ግራ ትጋደማለች። ይሄን ሁሉ ዘመን ስነዳ እንዴት ሳላውቀው ኖርኩ?"

"እጅህማ ያውቀው ነበር" አልኩት። "ባያውቀው ኖሮ ይኼኔ ገደል ገብተሃል።"

እጅ የሚያውቀውን አፍ አለማወቁ ሲገርመኝ ይኖራል። በዚህ ነገር ሰው ይስቃል፤ እኔንም ያስቀኛል። አንድ ጊዜ ግን አስለቅሶኛል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አባቴ በበቅሎ ጭነት የሚተዳደር ሰው ነበር። ከከላላ እስከ ደጎሎ እህልና ጨው ሲያመላልስ ከኋላው እየተከተልኩ ነው ያደግኩት። አባቴ አንድ ሕግ ነበረው፦ በቅሎ ዳገት ካወጣችህ ውለታ ውላልሃለች፣ ቁልቁለት ላይ አንተ ታሳርፋታለህ። በእኛ አገር ቁልቁለት ላይ ከበቅሎ የማይወርድ ሰው ወይ ሙሽራ ነው ወይ በሽተኛ ነው፤ ጤነኛ ሆኖ ከተቀመጠማ ይታማል። ጤና ጣቢያው አንዲት ቀይ ሞተር ሳይክል ሲሰጠው የሚነዳት ሰው ጠፋ። ኃላፊው "በቅሎ የያዘ ሰው ይቺም አታቅተውም" ብሎ እኔን ቀጠረኝ። ስለ ደመወዙ ብዙ አልናገርም፤ ከደሴ እስኪመጣ ድረስ ይናፈቃል፣ በመጣ ማግስት ይረሳል።

ሞተረኛ ያደረጉኝ ግን ኃላፊው ሳይሆን አያ እንድሪስ ናቸው። ደሴ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ሠርተው ሙያውን የቀሰሙ መካኒክ ነበሩ፤ ለጤና ጣቢያውም ለወፍጮ ቤቱም ለሚመጣው የጭነት መኪናም ሁሉ መድኃኒቱ እሳቸው ናቸው። ቀጠን ያሉ፣ ጢማቸውን አሳምረው የሚቆርጡ፣ ሰላት ሲደርስ እጃቸውን መጀመሪያ በቤንዚን፣ ቀጥሎ በአመድ፣ ቀጥሎ በውሃ የሚያጥቡ ሰው። የሚፈቱትን ብሎን ሁሉ አጎዛ ላይ በተፈታበት ተራ ይደረድሩታል፤ ሲገጥሙ ከመጨረሻው ጀምረው ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ። አላፊ አግዳሚ አንዲት ብሎን ከቦታዋ ካንቀሳቀሰ ሥራቸውን አቁመው ቀና ብለው ያዩታል። ስድብ አያውቁም፤ ያቺ እይታ ግን ትበቃ ነበር።

ሞተር ሲነሳ አንድ ቀጭን እንጨት ያነሳሉ፤ አንዱን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ሥር አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የሚያዳምጡት ውስጥ ያለችውን ነገር ነው፤ እንጨቱ ድምፁን አጥርቶ ያመጣላቸዋል። እሳት የምትጭረውን ካንዴላ ፈትተውም ሐኪም ምላስ እንደሚያይ ያዩታል። ጫፉ የተቆላ ቡና ከመሰለ ሞተሯ ጤነኛ ናት፤ ከጠቆረ ከመጠን በላይ ጠጥታለች፤ ከነጣ ርቧታል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን አይቼ ነው፤ ነግረውኝ አይደለም። "አያ፣ ይሄ ለምንድን ነው?" ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ "እየው።" ሌላ ቃል የላቸውም። ሲነዘንዟቸው "ዝም አይነቅዝም" ብለው ወደ ሥራቸው ያቀረቅራሉ። እኔም አየሁ። መካነ ሰላም ላይ ዳገት የሚያደክማት ሞተር ቆላ ስትወርድ ጉልበቷ እንደሚጨምር አየሁ፤ ደጋው ላይ አየሩ ስስ ነውና እሷም እንደ ቆላ ሰው ትንፋሽ ያጥራታል። መብራቷ ከራሷ ከሞተሩ መሽከርከር እንደሚመጣ አየሁ፤ ዝግ ስትል ይደበዝዛል፣ ስትፈጥን ይደምቃል፣ ስለዚህ ሲመሽ ወንዝ ፊት ቆሞ መሻገሪያ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ማስጮህ አለበት። የመኪና ዘይት ሆዱ ውስጥ ሲቀመጥ የእሷ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ እንደሚጠጣ አየሁ፤ በየማለዳው በጀሪካን የማዋህደውም እኔው ነበርኩ። ለምን እንደሚዋሃድ ግን አላሰብኩበትም።

ሞተረኞቹ ደጋግመው የሚያስወሩኝ ከሁሉም ይበልጥ የኋልዮሽ ጉዞዋን ነው። ለውጡ ከመጣ በኋላ የሆነ ነው። አንድ የሕዝብ ቅስቀሳ ኃላፊ ተመድቦልን መጣ፤ ስሙን ልተወው፣ ልቡ ደግ ወጣት ነበር። በገበያ ቀን ንግግር ሊያደርግ ሲል "ሕዝቡ መካከል በሞተር ነው የምገባው፤ ራሴ ነድቼ" አለ። ለመንኩት፤ እምቢ አለ። መርገጫዋን ፈራ ተባ ብሎ ረገጣት፤ መልሳ ገፋችውና ድር ድር ብላ ተነሳች። ማርሽ አስገባ፣ ነዳጅ ሰጠ። ሞተሯ ጓዱን እንደ ጫነች ወደ ኋላ ሄደች! ቀይ ጨርቅ የለበሰውን ጠረጴዛ ገለበጠችው፤ ጓድም ከነባርኔጣው ከጠረጴዛው ሥር ተገኘ። የከላላ ገበሬ፣ የማሻ ነጋዴ፣ ቄሱም ሼኹም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

"አሻጥር ነው!" አለ አቧራውን እያራገፈ። በዚያ ዘመን አሻጥር የሚለው ቃል ሰው ያሳስራል፤ ሳቁ እዚያው ደረቀ። አያ እንድሪስ ተጠሩ። እንደ ድሮው ዝምተኛ አልነበሩም፤ ሕዝብ ፊት ቆመው በዝግታ አስረዱት። "ጓድ፣ የእንዲህ ያለች ሞተር አሠራሯ ነው። መርገጫዋን ፈራ ተባ ብላችሁ ስትረግጧት መልሳ ትገፋና ወደ ኋላ እየዞረች ትነሳለች። ለእሷ ፊትም ኋላም አንድ ነው። የምትሄደው በተነሳችበት ነው።" ከዚያ ራሳቸው ተቀምጠው በአንደኛ ማርሽ ወደ ኋላ ነዷት፤ አጠፏት፣ አጥብቀው ረግጠው አስነሷት፣ በዚያው ማርሽ ወደ ፊት ነዷት። ጓድ አፉን ከፍቶ አየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ጋራዡ እየመጣ ሞተር መንዳት ተማረ። አድኃሪዋ ሞተር የሚለው ስም ግን ለእሷ ቀረላት።

አሁን ወደዚያኛው ልመለስ። ይህ የሆነው ከጓድ በፊት፣ በድርቁ ወቅት ነው።

ቁልቁለት ሲወርዱ አያ እንድሪስ አንድ ልማድ ነበራቸው። በማርሽ ይዘዋት ነዳጁን ዘግተው ይወርዱና በየጥቂቱ የነዳጁን እጀታ ጠምዘዝ ያደርጋሉ፤ ሞተሯም ትርር... ትርር ትላለች። ከኋላቸው ተፈናጥጬ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። "አያ፣ ይሄስ?" ስላቸው፣ "እየው" አሉኝ። አየሁት፤ ያየሁት ግን ጌጥ መስሎኝ ነው። ሠርግ ላይ የሚሸልል በቅሎኛ ለማማር ደወል እንደሚያስጮህ፣ እሳቸውም የሚያሳምሩት መሰለኝ።

ድርቁ ቆላውን አስቀድሞ ነው የመታው። ከዓባይ በረሃ በኩል ሰው እየተጎተተ ወጣ፤ መውጣት ያቃተው ደግሞ ወንዙ ዳር በተሠራ የሣር ዳስ ተጠለለ። የአያ እንድሪስ እናት፣ እማማ ዘይነብ፣ ቤታቸው ከዚያ ዳስ አጠገብ ነበር። ልጃቸው "ወደ ደጋ ይውጡ" ብለው ቢለምኗቸው "ጎረቤቴን ጥዬ የት እሄዳለሁ?" ብለው እምቢ አሉ። ያላቸውን ማሽላ ቀቅለው ለተጠለሉት ያካፍሉ ነበር። እኔም ከአያ ጋር መድኃኒት ይዘን ስንወርድ ከእጃቸው በልቻለሁ፤ "አንተ የበቅሎኛው ልጅ፣ ብላ፣ ገና ዳገት አለብህ" እያሉ።

አንድ ማለዳ ከቆላ አንድ ሰው ሲሮጥ መጣ። ዳሱ ውስጥ ተቅማጥ ገብቷል፤ ሰው እየረገፈ ነው፤ በሽተኛ ሲያጠጡ የሰነበቱት እማማ ዘይነብም ወድቀዋል አለን። እዚያ በሽተኛ የሚያክመው ድሬሰር ግሉኮስ ጨርሶ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። አያ እንድሪስ ዕቃ ሊያመጡ ደሴ ሄደዋል። ኃላፊው የግሉኮሱን ጠርሙሶች በጭድ ጠቅልሎ ሞተሯ ላይ አሰረልኝና፣ "መልካሙ፣ ከቀትር በፊት ድረስላቸው" አለኝ። "ለእማማ ዘይነብ ከቀትር በፊት።"

ያን ታላቁን ቁልቁለት ለብቻዬ ስወርደው የመጀመሪያዬ ነበር። ሜዳውን በረርኩበት፤ ሞተሯም ጋለች። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስደርስ የአባቴ ሕግ መጣብኝ። ደክማለች፤ ላሳርፋት። ቤንዚኑም በዚያ ወቅት እንደ ማር ነው። እንደ በቅሎ ከላይዋ ወርጄ በእግሬ መሄድ ባልችል እንኳ ሌላ መንገድ አለኝ፤ ነዳጁን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት፣ እንዳትሮጥብኝ በማርሽ ያዝኳት፣ ዝም ብላ ትውረድ አልኩ። አያ እንድሪስ በየጥቂቱ የሚያሰሙትን ጌጥ አላሰማሁም። የሰው ነፍስ ይዤ ስሄድ ጌጥ ምን ያደርግልኛል?

ቁልቁለቱን ሳላጋምስ የኋላው ጎማ ድንገት ቀጥ አለ። ተንሸራተትኩ፤ ተጋደምኩ። ጠርሙሶቹን ጭዱ አተረፋቸው፤ አንዱ ብቻ ተሰበረ። አቁሜ ብረግጣት መርገጫው ፍንክች አይልም፤ ድንጋይ ሆናለች። ደጋግሜ ረገጥኩ፤ ለመንኳት፤ ሰደብኳት። ሞተሯ ሞተች፤ ገደልኳት አልኩ። ጠርሙሶቹን ፈትቼ በትከሻዬ ተሸክሜ እየሮጥኩ ወረድኩ። ብዙ ከሮጥኩ በኋላ አንድ ደግ ሰው በቅሎውን ሰጠኝ። ዳሱ ጋ ስደርስ ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ አዘቅዝቃለች።

ድሬሰሩ ጠርሙሶቹን ከእጄ ነጥቆ ወደ ውስጥ ሮጠ። በእነዚያ ጠርሙሶች ስንት ሰው እንደተረፈ አይቻለሁ፤ ይህንን እግዜር ይመስገን ማለት ይገባኛል። እማማ ዘይነብ ግን ቀትር ላይ አርፈዋል። ስደርስ ቀብረዋቸው ሲመለሱ ነው ያገኘኋቸው።

በማግስቱ ለቅሶ ቤት ሳር ላይ ተቀምጫለሁ። ሰው አይናገረኝም፤ የሚናገረኝም "አብሽር፣ ቀኗ ነው" ይለኛል። እኔ የማስበው ግን አንድ ነገር ነው፤ አያ እንድሪስ ሲመጡ ፊታቸውን እንዴት ነው የማየው? ያችን እይታቸውን እንዴት ነው የምችላት? ወዳጄም አባቴም ናቸው፤ ከእንግዲህ ግን እንደማጣቸው ቁርጥ አድርጌ አውቄያለሁ።

ያን ጊዜ ከቁልቁለቱ በኩል የሞተር ድምፅ ተሰማ። ለቀስተኛው ሁሉ ቀና አለ። ትርር... ትርር... ትርር ይላል። ያንን እጅ ከሺህ እጅ መካከል እለየዋለሁ። አያ እንድሪስ ነበሩ፤ የሚነዱትም ሞተች ብዬ መንገድ ላይ ጥያት የመጣሁትን ቀይዋን ሞተር ነው።

ወረዱ። መርዶውን መንገድ ላይ ሰምተውታል። ሴቶቹ እየጮሁ ከበቧቸው፤ ወንዶቹ እያቀፉ አለቀሱ። "ኢና ሊላሂ" አሉ ሽማግሌዎቹ። እሳቸው ሁሉንም አንድ በአንድ ሳሟቸው። ከዚያ እኔ ወደ ተቀመጥኩበት ጥግ መጡ። ተነሥቼ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

"አንዴ ረገጥኳት፤ ተነሣች" አሉኝ።

አልገባኝም። "ሞታ ነበር፣ አያ። ደርቃ፣ አልንቀሳቀስ ብላ ነበር።"

"አልሞተችም። ውስጧ የሚመላለሰው ፒስተን በሙቀት አብጦ ግድግዳውን ነክሶ ነው። ሲበርድ ይለቃል። ጥላ ሥር ጥቂት ቁጭ ብለህ ብትጠብቃት ኖሮ ትነሣልህ ነበር።"

ጥቂት ቁጭ ብዬ! እዚያው ጥላ ሥር ቁጭ ብል ኖሮ ከቀትር በፊት እደርስ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

"ላሳርፋት ብዬ ነው፣ አያ" አልኩ። "ዳገት ያወጣችህን ቁልቁለት ላይ አሳርፋት ይል ነበር አባቴ። ነዳጁን ዘግቼ አሳረፍኳት።"

ክንዴን ሳይለቁ ወደ ቀይዋ ሞተር ዞረው አዩ።

"በቅሎ ቁልቁለት ላይ ታርፋለች" አሉኝ። "ይቺ ግን ቁልቁለት ላይ ነው የሚጠማት። ዘይቷ ከቤንዚኑ ጋር አይደል? ነዳጁን ስትዘጋው ዘይቱንም ዘጋህባት፤ ጎማው ግን ያዞራታል። ደርቃ ትዞራለች፣ ትግላለች፣ ትነክሳለች። ስትወርድ በየጥቂቱ አንድ አንድ ጉንጭ ታጠጣታለህ። ይሄንን ማን ነገረህ?"

"ማንም አልነገረኝም፣ አያ።"

"አዎ" አሉ። "ማንም አልነገረህም።"

ከዚያ እናታቸው ይቀመጡበት የነበረው ምንጣፍ ላይ ሄደው ተቀመጡና ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ለቀስተኛው እየመጣ "አላህ ያጥናህ" ይላቸዋል፤ "አሚን" ይሉና ወደ እኔ ይመለሳሉ። ጣታቸውን አቧራው ላይ እየሰደዱ ፒስተኑን ሣሉልኝ፣ ዘይቱ በየት እንደሚገባ ሣሉልኝ፣ ሲግል ምን እንደሚሆን፣ ሲበርድ እንዴት እንደሚለቅ ሁሉንም ነገሩኝ። በየመሃሉ ያቆማሉ፤ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፤ እንደገና ይቀጥላሉ። ሲጨርሱ፣ "ገባህ?" አሉኝ። አብረን ስንሠራ በኖርንበት ዘመን ሁሉ ይህን ጥያቄ ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም ነበር።

"ገባኝ፣ አያ" አልኳቸው።

"እንግዲያው መልሰህ ንገረኝ" አሉኝ።

እያለቀስኩ መልሼ ነገርኳቸው።